የመጣበት ቦታ

አራት ኪሎ፣ ካረጀ ሕንጻ ጣሪያ፣
ስድስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ከሞተ አራት ዓመቱ፣
በየማክሰኞው እወጣለሁ፤
በኪሴ ወረንጦ፣ በአንገቴ አጉሊ መነጽር፣
ከሮቶው ጎን፣ ከተሰጣ አንሶላ መሃል
በሽቦ ያሰርኩትን ቢጫ ሰሌዳ ልቆጥር።

ሙጫ የተቀባ ቢጫ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።
ለጋ ቅጠል የመሰለው ይመጣል፤ ያረፈ አይነሳም።

ዘበኛው ጋሽ ሸምሱ ቁና ቁና እየተነፈሰ ይከተለኛል፤
«ዛሬስ ስንት ያዝሽ?» ይለኛል፣
ዓሣ አስጋሪ አድርጎኝ።

በመነጽሩ ሥር
ቡናማ ነጥብ፣ ከሰሊጥ የማትበልጥ፣
ክንፏ የሽንኩርት ልጣጭ፣
ደረጃ እንደሳተው ሰው እግሮቿን አንፈራጣ።
የጥድ ክሽክሽ።
ስሟን እጽፋለሁ፤ ቀኑን፤ ብዛቷን፦ አሥራ ሰባት።
ቀጥሎ ያለው ዓምድ «የመጣበት ቦታ» ይላል።
እሱን በሦስት ዓመት
አንድ ቀን እንኳ አልሞላሁት።

ለጋሽ ሸምሱ የማውቀውን ነገርኩት፦
እናቲቱ ክንፍ የላትም።
ቅርንጫፍ ላይ ተወልዳ፣ ያንኑ ቅርንጫፍ መጥጣ፣ እዚያው ታረጃለች።
ባል አታውቅም፤ ሴት ትወልዳለች፣
ሴቲቱም ሴት።
ቦታው ሲሞላ ግን፣
ጥዱ ከውስጥ መቅላት ሲጀምር፣
ጎን ማሳረፊያ ሲጠፋ፣
ያን ጊዜ ክንፍ ያላት ልጅ ትወልዳለች።
ማን እንደነገራት እንጃ።

«ልጂቱስ የምትሄድበትን ታውቃለች?»

አታውቅም።
መነሳቱ ብቻ የሷ ነው።
ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ቅርንጫፉን ትለቃለች፤
የቀረው የነፋስ ነው።
ምናልባት ከመናገሻ ጫካ፣ ምናልባት ከአርሲ ደጋ፣
ምናልባት ወሰን ተሻግራ፣
ኬላ ሳይፈትሻት፣ ቀረጥ ሳትከፍል፣
ሦስት ወንዝ ከላይ ሆና አልፋ፣
ማታ አየሩ ሲበርድ
ከወንፊት እንዳመለጠ ጤፍ ከተማው ላይ ትወርዳለች።
ከአሥር ሺህ ዘጠኝ ሺህ ምናምኑ
አስፋልት ላይ፣ ቆርቆሮ ላይ፣
የታክሲ መስታወት ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ልጅ ጎፈሬ ውስጥ።
አንዲቷ ጥድ ካገኘች ይበቃል።
አንዲት ናት፣ ባል አትጠብቅም።

ጋሽ ሸምሱ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተደግፎ ዝም አለ።
ከታች ግቢያችን ውስጥ ያለው ጥድ፣ ወንበሩን የሚያስጠጋበት፣
ግማሽ ጎኑ የዛገ ምስማር መስሏል።

«ሰባት ወንድማማች ነበርን» አለኝ ቆይቶ፤
«እንሰቱ አልበቃ ሲል
አባቴ ከሰባታችን ለኔ ብቻ ጫማ ገዛልኝ።»

ሌላ አልጨመረም።
እኔም የምመልሰው አጣሁ።
ላዝንላት አልወጣሁም እኮ፣ ጥዱን የምትገድለው እሷ ናት፤
ግንቦት ላይ መጋዝ ይመጣል፣
ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣
እስካሁን አልነገርኩትም።

ሰሌዳውን ፈትቼ በጋዜጣ ጠቀለልኩ፣
አዲሱን አሰርኩ።
መዝገቡን ልዘጋ ስል እጄን ያዘኝ፤
ባዶው ዓምድ ላይ ዓይኑ ወድቆ ኖሯል።
ሌባ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ሰማይ አቆማት፤
ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።
አንሶላው ተነፋ፣ ረገበ፣ ተነፋ።
«ከምሥራቅ ነው» አለ፣
«ሩቅ ነው ደግሞ፤ የመገናኛ ነፋስ እንዲህ አይሸትም።»

በእርሳስ፣ ላጲስ በሚያጠፋው ጽሕፈት፣
ከምሥራቅ፣ ሩቅ
ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ ነገ ይጠይቀኛል፦
«በምን መሣሪያ ለካሽው?»